ከላይ ጌጥ፣ ከሥር ገጣባ፦ የኮርቻ መቀመጫ በወጉ እንዴት ይሠራል?



በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች በገበያ ቀን መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ቶሎ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው አህያ ነው። እህሉ፣ ከሰሉ፣ ማንጎው፣ በጀሪካን የተሞላው ውሃ፣ አንዳንዴም መንገድ የደከማቸው አዛውንት በዚህ እንስሳ ጀርባ ይጓዛሉ። ጭነቱ ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ደስ አይልም። ፀጉሩ የረገፈ፣ ቆዳው የተላጠ፣ ዝንብ የከበበው ቁስል ነው። አማርኛችን ለዚህ ቁስል የራሱ ቃል አለው፤ ገጣባ ይለዋል። አንድ ቋንቋ ለአንድ ቁስል የተለየ ቃል ካበጀ፣ ነገሩ ስንት ዘመን አብሮን እንደኖረ መገመት አያዳግትም።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚል ተረት አለን። በገበያችን የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ሳለ ዱላው የሚያርፈው አህያው ላይ ነው። አህያው የሚለግመው፣ ጭነት ሲያይ ጆሮውን ጥሎ የሚሸሸው፣ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ስለሚያቆስለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው የኮርቻ መቀመጫ አሠራር ነው። ለተቀማጩ እንዲመች ውስጡ ተሞልቶ፣ ላዩ በሌላ ቀለም ቆዳ ተለብጦ የሚሰፋውን መቀመጫ ማለታችን ነው። ሥራው ቆንጆ ነው፤ ቆዳ መስፋት ለሚወድ ወጣትም እንጀራ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ወደ ጌጡ ከመሄዳችን በፊት ከኮርቻው በታች ያለውን እናያለን። ከላይ የምንጨምረው ምቾት ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው እዚያ ጀርባ ላይ ነውና።

አገሩና እንስሳው

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ስፍራዎች የገንዲ በሽታ አገር ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ከብቱንም፣ ፈረሱንም፣ በቅሎውንም፣ አህያውንም ትነድፋለች። ፈረስና በቅሎ ለገንዲ ይበልጥ ይሸነፋሉ፤ አህያ ግን ከእነርሱ ትንሽ ይቋቋማል። ገንዲ የያዘው እንስሳ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ግን ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል። ይህ ነገር የእንስሳት ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ኮርቻ ሠሪውንም ይመለከታል። እንስሳው ሲከሳ በጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ይሟሽሻል። በጥሩ ጊዜው ተለክቶ የተሠራለት ኮርቻ ከጥቂት ወራት በኋላ አጥንት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ከሥር ያለው ሙሊት እንደ እንስሳው አቋም የሚጨመርና የሚቀነስ ሆኖ መሠራት አለበት። አንዴ ተሰፍቶ የተደፈነ ትራስ ለገንዲ አገር አይሆንም።

መኪና ሳይመጣ በፊት ይህ አካባቢ ከሱዳን ጋር በኩርሙክ በኩል፣ ከመሀል አገር ጋር በወለጋ በኩል የሚገናኘው በእግርና በእንስሳት ጀርባ ነበር። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ የአካባቢው ገዢዎች ግብር ወርቅ ነበር። የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ስማቸው እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ አለ፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር መጠሪያውን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። በሰሜኑም ቢሆን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የረጅም መንገድ ንግድን በብዛት ይዘው የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ሀብታቸው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ስለነበር የተገጠበ እንስሳ ለእነርሱ የቆመ ንግድ ማለት ነበር። ኮርቻ የሚያይ ዓይን ከዚያ ወርሰን ነበር ማለት ይቻላል። የት እንደጣልነው ሌላ ጥያቄ ነው።

በ1970ዎቹ፣ በተለይም ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ፣ ከወሎ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በአሶሳ ዙሪያ ቁጥር በተሰጣቸው አምባዎች ሰፍረዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። የወሎ ሰው በቅሎና ግላስ ያውቃል። በድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ደግሞ በኮርቻ ላይ የሚነጥፉት የበግ ቆዳ አላቸው፤ ፈርዋ ይሉታል። ደገኛው ቆዳ ቆርጦና ሰፍቶ የሚያመጣውን ምቾት ቆለኛው ከነፀጉሩ አንጥፎ ያገኘዋል። በአሶሳ ሁለቱ ልማዶች ጎረቤት ናቸው፤ ከዚህ በታች የምንገልጸው መቀመጫም ከሁለቱም የሚወስደው አለው።

ከሥር፦ ሁለት ትራስ፣ መሀሉ ባዶ

የኮርቻ ሁሉ ሕግ አንድ ነው፤ ክብደት በጀርባ አጥንት ላይ አይረፍ። ሸክሙን መቀበል ያለበት ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋና የጎድን አጥንት ነው።

በጥንቱ አሠራር የአገራችን ኮርቻ የእንጨት አጽም አለው። ሁለት የጎን ሳንቃዎች ከፊትና ከኋላ በቅስት ይያያዛሉ። አጽሙ በእርጥብ ጥሬ ቆዳ ይለበሳል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። ምስማር አያስፈልገውም። ቅስቱ ከእንስሳው ጀርባ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ኮርቻው ተጭኖ፣ ሰውም ተቀምጦበት፣ በቅስቱና በጀርባ አጥንቱ መሀል ሦስት ጣት የማያስገባ ከሆነ ያ ኮርቻ ይቅር።

ከሳንቃዎቹ ሥር ድብዳብ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወፍራም ነገር አጣጥፎ በጀርባው ላይ መጣል ለእንስሳው ያዘነ ይመስላል፤ ግን የተጣጠፈው ጨርቅ መሀል ለመሀል አጥንቱን ይጫነዋል። ትክክለኛው ድብዳብ ሁለት ረጃጅም ትራሶች ነው። ሁለቱ ከላይ በጠፍር ይያያዛሉ፤ በመሀላቸው ከፊት እስከ ኋላ አራት ጣት የሚሆን ባዶ ቦይ ይተዋል። በዚያ ቦይ አየርም ያልፋል።

ሙሊቱ ደረቅ ለስላሳ ሣር፣ የጤፍ ጭድ ወይም የበግ ፀጉር ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር እኩል መሰራጨቱ ነው፤ አንድ ጉብታ አንድ ቁስል ነው። በእጅ ሲጫኑት ቢያንስ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ሊቀረው ይገባል። ልባሱ የጥጥ ጨርቅ ወይም የቃጫ ጆንያ ይሁን። ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ርካሽ ነው፤ ግን ላብ አይመጥም፣ ይንሸራተታል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ገጣባ ካየንባቸው አህዮች ጀርባ ላይ ማዳበሪያ ያላየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ ትራስ ጫፍ ላይ በክር የሚዘጋ አፍ ይተው፤ እንስሳው ሲከሳ በዚያ ይጨመራል፣ ሲወፍር ይቀነሳል።

ኮርቻው የሚቀመጠው ከትከሻ አጥንቱ ኋላ ነው፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት አልፎ ወገብ ላይ መድረስ የለበትም። አህያ እንደ ፈረስ ከፍ ያለ የትከሻ ጫፍ ስለሌለው ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገቱ ይሸሻል። ለዚህ ነው የጭራ ማሰሪያ የሚያስፈልገው። ጭራ ሥር ያለው ቆዳ ስስ ነው፤ እዚያ የሚገባው ማሰሪያ ለስላሳ ቆዳ ተጠቅልሎበት የአውራ ጣት ውፍረት ይኑረው። የሆድ ማሰሪያው አራት ጣት ስፋት ያለው የለፋ ቆዳ ወይም የተሸመነ ጥጥ ቢሆን መልካም ነው። የናይለን ገመድ እንደ ቢላዋ ነው።

ስለ ክብደት አንድ ነገር እንበል። በኢትዮጵያም ለዓመታት የሠራው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የአህያ ደኅንነት ድርጅት አህያን ለሚጋልብ ሰው የሚያስቀምጠው ጣሪያ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ኩንታል ጭኖ ከላይ ባለቤቱ የሚወጣበት አህያ አለ። ይህን የሚያስተካክል የኮርቻ ጥበብ የለም።

መቀመጫው ከምን ይሠራ?

የሚገርመው፣ የተሞላ የኮርቻ መቀመጫ በሐዲስ ውስጥ በስሙ የተጠቀሰ ነገር ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የበራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከለከሏቸው ነገሮች መካከል «መያሲር» ይገኝበታል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ምን እንደሆነ ሲያብራሩ፣ ሴቶች ለባሎቻቸው ይሠሩት የነበረ፣ በኮርቻ ላይ የሚደረግ ለስላሳ መቀመጫ መሆኑን ተናግረዋል። ታዲያ መቀመጫ መሙላት ክልክል ነው ማለት ነው? ዑለማዎች ክልከላውን ያያያዙት በዋናነት ከሐር መሠራቱ ጋር ነው፤ የቅንጦትና የመመሳሰልን ምክንያት ያነሱም አሉ። ከሐር ያልሆነ፣ ለምቾት የተሠራ መቀመጫ በብዙኃኑ ዘንድ ችግር የለበትም። ጌጥ ራሱ የተወገዘ አይደለም፤ በሱረቱ አን-ነሕል 8ኛው አንቀጽ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ሲጠቀሱ ከመጓጓዣነታቸው ጋር ጌጥነታቸውም ተነስቷል።

ሌላው የነብር ቆዳ ነው። በአገራችን የነብር ለምድ የሹማምንት ጌጥ ሆኖ ኖሯል። በአቡ ዳውድ በተዘገበው የሙዓዊያ (ረ.ዐ) ሐዲስ ግን በሐርና በነብር ቆዳ ላይ መቀመጥ ተከልክሏል። የወርቅ አገር በሆነችው አሶሳ መቀመጫውን በወርቅ ክር ልለብጥ የሚል ካለም ይተወው፤ በኮርቻ ላይ ስለሚደረግ ብር እንኳ ዑለማዎች ተለያይተዋል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ አንባቢዎቻችንም አንድ ማሳሰቢያ አለን። የእንግሊዝ ዓይነት ኮርቻዎች መቀመጫ፣ በተለይ የቆዩት፣ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆዳ የተሠራ ነው። ያገለገለ ኮርቻ ስትገዙ የመቀመጫውን ቆዳ በብርሃን ተመልከቱ፤ የፀጉር ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በቡድን ከተቀመጡ የአሳማ ነው። በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ የአሳማ ቆዳ በማልፋት አይጠራም። መቀመጫውን ብቻ አስነስቶ በፍየል ቆዳ ማስለበጥ ይቻላል፤ አሠራሩ ከታች የምንገልጸው ነው። ወላሁ አዕለም።

የእኛው የፍየል ቆዳ እያለ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዓለም የቆዳ ገበያ በባቲ ስም የሚታወቅ የፍየል ቆዳ አለ፤ የወሎዋ ባቲ ማለት ነው። ጥብቅ ሸካራነቱ በተገላበጠው ገጽ ለሚሠራ ለስላሳ ቆዳ ተመራጭ አድርጎታል። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ደግሞ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ይፈለጋል። ለመቀመጫችን ልባጥ የተገላበጠ የፍየል ቆዳ ምርጥ ነው፤ ሸካራ ገጹ ተቀማጩን ከመንሸራተት ይይዘዋል። ለላይኛው ሽፋን ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የለፋ የከብት ቆዳ ያስፈልጋል። ቆዳውን ስትመርጡ በፀሐይ አንጻር ዘርጉት። እከክ ያጠቃው ቆዳ ትናንሽ ጠባሳዎች ይኖሩታል፤ በተወጠረ ጊዜ የሚቀደደው በዚያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አረፋ ሳንናገር አናልፍም። በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ፣ በየበዓሉ የታረደው በግና ፍየል ቆዳ በየቦታው ተጥሎ ሲሸት አይተናል። የኡድሒያ ቆዳ ባለቤቱ ሊጠቀምበት፣ ሊሰጠው፣ ሰደቃ ሊያደርገው ይችላል፤ ለአራጁ ግን በክፍያ ፈንታ አይሰጥም። ዐሊይ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ የሀድይ ግመሎቹን ሥጋ ሲያከፋፍሉ ቆዳቸውንና በጀርባቸው የነበረውን ልብስ ጭምር ሰደቃ እንዲያደርጉ ታዘው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞቶ የተጣለ በግ አይተው እንኳ ቆዳው ለምን ጥቅም ላይ እንዳልዋለ ጠይቀዋል። በሰፈራችን አንድ ቆዳ አልፊ ካለ አሥር ቤት ቆዳውን ሊሰጠው ይችላል። እስኪወሰድ እንዳይበላሽ፣ በታረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሥጋ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ተዘርግቶ፣ የክብደቱን ሲሶ ያህል ጨው ይነስነስበትና ጥላ ውስጥ ይቆይ።

ቆዳ ማልፋት በአገራችን የተናቀ ሙያ ሆኖ ቆይቷል፤ «ፋቂ» የሚለው ቃል ስድብ እስከመሆን ደርሷል። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ግን በገዛ እጃቸው ቆዳ እያለፉ፣ እየሰፉ፣ ያገኙትን ሰደቃ የሚያደርጉ ነበሩ። ይህን እያወቁ ቆዳ ሠሪን መናቅ እንዴት እንደሚቻል አይገባንም።

ወደ ሥራው

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ የተሳለ ሰንጢ፣ ወስፌ፣ ጫፋቸው የደነዘ ሁለት መርፌዎች፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ወፍራም ክር፣ ሰም፣ ማስቲሽና ካርቶን። ክሩ በሰም መታሸት አለበት። ሰሙ ውሃ እንዳይገባው ያደርገዋል፤ በቀዳዳውም ውስጥ ክሩን ይይዘዋል። ማር በሚቆረጥበት አገር ሰም ለማግኘት ችግር የለም።

መጀመሪያ ልክ ይወሰዳል። ካርቶኑን በኮርቻው መቀመጫ ላይ አስቀምጣችሁ የመቀመጫውን ዙሪያ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ካርቶኑን መሀል ለመሀል አጥፋችሁ ቁረጡት፤ ግራና ቀኙ እኩል የሚሆነው በዚህ ብቻ ነው። በዓይን የተለካ መቀመጫ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ተቀማጩም ያዘነብላል፤ ከሥር አንደኛው ትራስ ይደፈጠጣል። በካርቶኑ ላይ ልባጡ የሚታይበትን መስኮት ንደፉ። ቅርጹ እንደ ዕንቁላል ነው፤ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ። የስፌቱ መስመር ከሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ውጭ መውደቅ አለበት፤ ጭኑ ከሚታሽበት ቦታም መራቅ አለበት። ከዚህ መስመር ውጭ ያለው የቅርጽ ምርጫ የእናንተ ነው።

የላይኛውን ቆዳ በካርቶኑ ልክ ቁረጡ፤ ዙሪያውን ለመታጠፊያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሩበት። መስኮቱን በአንድ ትንፋሽ በተሳለ ሰንጢ አውጡ፤ በደነዘ ስለት የተቆረጠ ጠርዝ ምንም ቢሰፋ አያምርም። የመስኮቱን ጠርዝ ከሥር በኩል በሰንጢ አሳሱት። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። ካልሳሳ ልባጡ ከተያያዘበት ቦታ ላይ ደረጃ ይፈጠራል፤ ተቀማጩም ረጅም መንገድ ሲሄድ በደንብ ይሰማዋል።

የፍየል ቆዳው ከመስኮቱ በየአቅጣጫው ሁለት ሴንቲ ሜትር ይስፋ። ማስቲሽ የሚቀባው ጠርዙ ብቻ ነው፤ መሀሉ ነጻ ይሁን፤ ሙሊቱ ሲገባ ከፍ ብሎ እንዲነፋ። ከተጣበቀ በኋላ ከመስኮቱ ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ በወስፌ እኩል እኩል ቀዳዳ ብሱ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት ቀዳዳ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ቆዳው እንደ ቴምብር ይቀደዳል።

ስፌቱ በሁለት መርፌ ነው። የአንድ ክር ሁለት ጫፎች ሁለት መርፌዎች ላይ ይገባሉ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይተላለፋሉ። የልብስ ስፌት መኪና ከዚህ ይፈጥናል። ልዩነቱ ክር ሲበጠስ ይታያል፤ የመኪናው ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ እየተተረተረ ይሄዳል፤ በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን የቀረው ክር ይዞት ይቆያል። መንገድ ላይ ለሚውል ዕቃ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ክሩ በቆዳው ላይ ተቦጭቦ እንዲተኛ ቀደም ብሎ በስፌቱ መስመር ጥልቀት የሌለው ቦይ ቢወጣ፣ ስፌቱ በመታሸት ቶሎ አያልቅም።

አሁን ሙሊቱ ነው። ለዚህ ከሁሉ የምንመርጠው ያረጀ ባና ነው። ሱፍ ላብ ይመጣል፣ ይተነፍሳል፣ ተጨፍልቆም መልሶ ይነሳል። ሁለት ወይም ሦስት ንብብር ቁረጡ፤ አንዱ ከሌላው አንድ ሴንቲ ሜትር እያነሰ እንደ ደረጃ ይሂድ፤ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከሥር። እንዲህ ሲሆን ጠርዙ ቀስ ብሎ ይሳሳል። አጠቃላይ ውፍረቱ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይብቃው። ከዚህ የወፈረ መቀመጫ ሱቅ ውስጥ ሲነኩት ደስ ይላል፤ እንስሳው ሲራመድ ግን ተቀማጩ ይዋልላል፤ የሚዋልል ሰው ደግሞ ከማይንቀሳቀስ ጭነት ይበልጥ ጀርባ ያቆስላል። የፍራሽ ስፖንጅ የሚጠቀሙ አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሱፍ ይለሰልሳል፤ ከወራት በኋላ ግን መሀሉ ሟሽሾ ጠርዙ ብቻ ይቀራል፤ ላብም ይይዛል። ሌላ ከጠፋ ጠንከር ያለና ስስ ስፖንጅ ከሥር፣ ሱፍ ከላይ ማድረግ ይቻላል።

ከሙሊቱ ሥር አቡጀዲ ወይም ስስ የበግ ቆዳ ይደረጋል። ይህም ከመጀመሪያው ስፌት አንድ ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ በሦስት ጎን ይሰፋና ኪስ ይሆናል። ሙሊቱ በኋላ በኩል ይገባል፤ አፉ በላላ ስፌት ይዘጋል፤ ሲጨማደድ ፈትቶ ለመለወጥ። ሙሊቱ እንዳይንሸራተት በልባጡ ላይ ጥቂት መስመሮች በስሱ መስፋት ይቻላል፤ የጌጡም ቦታ ይኸው ነው። ኮከብ፣ ሐረግ፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ መስመር ያምራል። ሕይወት ያለው ነገር ሥዕል አያስፈልገውም። መስመሩ በበዛ ቁጥር ሙሊቱ እየተጫነ እንደሚደርቅ ግን አትርሱ።

ከዚያ መገጠም ይመጣል። የላይኛው ቆዳ ጠርዝ በውሃ በራሰ ጨርቅ ይርጠብ፤ ሙሊቱ ግን አይንካው። በኮርቻው ላይ ተቀምጦ ከመሀል ወደ ጠርዝ በመዳፍ ይጫናል፤ የመቀመጫውን ጉድጓድ ቅርጽ እስኪይዝ ይታሻል፤ በሰፊ ጨርቅ ተጠፍሮ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ያድራል። በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በክረምት የተሠራ መቀመጫ ሻጋታ ያወጣል፤ ቢቻል ለበጋ ማቆየት ይሻላል። እሳት ዳር ማድረቅ አይታሰብ፤ እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲያገኝ እንደ ሥጋ ይበስላል፣ ይኮማተራል፣ ከዚያ ወዲያ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ጠርዙ ታጥፎ በጠፍር ከእንጨቱ ጋር ይሸረባል። ምስማር ቶሎ ያልቃል እንጂ አይበጅም፤ ዝጎ ቆዳውን ይበላዋል።

የለፋው ቆዳ ከጉዞ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ አልፎ አልፎ በስሱ ቅባት ይነካ። የተገላበጠው ልባጥ ቅባት አይፈልግም፤ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ጉዞ

አዲስ መቀመጫ ወይም አዲስ ድብዳብ በአንድ ሰዓት ጉዞ ይፈተናል። እንደደረሳችሁ ቅድሚያ የእንስሳው ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ሲናገሩ፣ ሰሓቦች አንድ ቦታ ሲያርፉ የእንስሶቻቸውን ኮርቻ ሳያወርዱ ሶላት አይሰግዱም ነበር። ዑለማዎች እንዳብራሩት ይህ የሱና ሶላትን ይመለከታል። ማሰሪያውን ቀስ ብላችሁ አላሉ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ኮርቻውን አንሱ፤ ላቡ ሳይደርቅ ጀርባውን ተመልከቱ።

በደንብ የተቀመጠ ኮርቻ በግራና በቀኝ እኩል የላብ ምልክት ይተዋል፤ መሀሉ፣ የጀርባ አጥንቱ መስመር፣ ደረቅ ይሆናል። ሁለቱ የላብ ሰሌዳዎች ውስጥ አንድ ደረቅ ክብ ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ግፊቱ በርትቶ ላብ እንኳ አላስወጣም ማለት ነው። ዛሬ ደረቅ የሆነው ያ ክብ ቢታለፍ፣ ፀጉሩ ይሰባበራል፤ ቀጥሎ ያብጣል፤ ቁስሉ ከዳነም በኋላ በጠቆረው ጀርባ ላይ ነጭ ፀጉር ይበቅልበታል። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበትና ኮርቻውን መልሳችሁ ጫኑት፤ ጠመኔው ከሥር ባለው ትራስ ላይ ይታተማል። ከዚያ የትራሱን አፍ ፈትታችሁ፣ ምልክቱ ያለበትን ጭድ በጣት ዘርዝራችሁ ትንሽ ቀንሱ፣ ዙሪያውን አስተካክሉ፣ ዝጉት፤ በማግስቱም እንደገና ለአንድ ሰዓት ጫኑት።